ባሌስትራው እስኪጠገን

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ኮሶበር ላይ የአንድ እህል ነጋዴ ሾፌር ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ። መንግሥት ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ ልጆች ወልጄ ለቁም ነገር አብቅቻለሁ። ያን አንድ ወር ተኩል ግን ዛሬም ቀን በቀን መናገር እችላለሁ። አሁን ካለችው ባለቤቴ በቀር ለማንም አሟልቼ አውርቼው አላውቅም። የምጽፈውም ዕድሜዬ ስለገፋ፣ ነገሩ እኔ ውስጥ እንደታፈነ እንዳይቀር ብዬ ነው።

የትውልድ አገሬ ቢቸና ነው። መንዳት የተማርኩት ደብረ ማርቆስ ሲሆን ኮሶበር የመጣሁት አቶ ፈንታ የሚባሉ ነጋዴ ሾፌር ሲፈልጉ ነው። አቶ ፈንታ አንድ አሮጌ አሜሪካ ሠራሽ ፒክአፕ ነበረቻቸው። እኔ ስረከባት ቀለሟ ለቆ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ዝገት ሆኗል። ሞተሯ ግን ጤነኛ ነበር። ጧት አንድ ጊዜ ሲነካ ይነሣል።

ብርቄን ያገኘኋት በዚያችው መኪና ገብስ ልጭን ጥርባ አካባቢ ስመላለስ ነው። አባቷ ሞተው ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ከጎረቤት የሰማኋትን ሁለት ሦስት የአገውኛ ቃል ለእናቷ ሰላምታ ይሆናል ብዬ ስናገር ከጓሮ ሆና ሳቀችብኝ። ለካ ሰላም ያልኩ መስሎኝ በሬያቸውን ስንት ትሸጡታላችሁ ብዬ ኖሯል። በዚያ ዓመት ሽማግሌ ልኬ አገባኋት። አቶ ፈንታ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጡን፤ እዚያ መኖር ጀመርን።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ወገቤን አለች። መጀመሪያ ውሃ ስለምትሸከም ነው ብለን ናቅነው። ቀስ እያለ ሕመሙ ወደ እግሯ ይወርድ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ጎንበስ ብላ መሄድ ጀመረች፤ ማስነጠስ እንኳ ትፈራ ነበር። ጠበል ወሰድናት። ወጌሻ አያት፤ እሱ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም ብሎ እጁን ሳያሳርፍባት ተመለሰ። እናቷ እማማ የሺ ሊያስታምሟት ከጥርባ መጥተው እኛ ዘንድ ተቀመጡ።

ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ዳንግላ ወስጄ ለድሬሰር አሳየኋት። ድሬሰሩ በጣቱ አከርካሪዋን ከላይ እስከ ታች ጫን ጫን እያደረገ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብርቄ ጮኸች። እዚያ ላይ አጥንቷ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሏል። ወደ ውጭ ጠርቶኝ ነቀርሳ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አጥንትንም እንደሚበላ፣ የእሷም ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ባሕር ዳር ሄዳ ራጅ መነሣት አለባት አለ። እስከዚያ ሳንቃ ላይ በጀርባዋ ትተኛ፣ ስትወስዳት መንገዱ እንዳያንገላታት ተጠንቀቅ፣ ደግሞ አትዘግዩ አለኝ። እንዳያንገላታት ያለው ልቤ ውስጥ ቀረ። አትዘግዩ ያለውን ግን ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ለዚህም ምክንያት ነበረኝ። በዚያን ቀን ከዳንግላ ወደ ኮሶበር የተመለስንበትን መንገድ ያየ ሰው ይፈርድልኝ ይሆናል። የመኪናዋ የፊት ባሌስትራ፣ ያ እንደ ቀስት ጎብጦ የተደራረበውና አካሏን ተሸክሞ የሚያነጥረው ብረት፣ በግራ በኩል ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ከእኔ በፊት የነበረው ሾፌር ጠንካራ እንጨት ጠርቦ በብረቱና በሻንሲው መካከል ወትፎበታል። እህል ስጭንበት ግድ አልነበረኝም። በዚያን ቀን ግን ጎማው የነካው ጠጠር ሁሉ በእንጨቱ አልፎ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ይመጣ ነበር። ብርቄ ነጠላዋን ነክሳ፣ በሁለት እጇ የበሩን ጠርዝ ይዛ ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ ነጠላውን ከአፏ አውጥታ አቁምልኝ አለች። አቆምኩ። ትንሽ አልቅሳ ደግሞ ሂድ አለችኝ። እንዲህ እያልን አንድ ሰዓት ተኩል የማይፈጀውን መንገድ ግማሽ ቀን ሄድን። ቤት አድርሼ ሳወርዳት ከንፈሯ ደምቶ ነበር።

በዚያው ዕለት አቶ ፈንታን ሳይጠገን በዚህ መኪና ዳግመኛ አልጭናትም አልኳቸው። ገና አዲስ እህል ያልደረሰበት ጊዜ ስለሆነ መኪናዋ ብትቆም ብዙ አይጎዳቸውም ነበር። ደግ ሰው ነበሩ። ጠግነህ ስትጨርስ ራስህ ውሰዳትና አሳክማት አሉኝ።

በማግስቱ የመኪናዋን ፊት በክሪክ አንሥቼ የባሕር ዛፍ ግንድ አስደገፍኳት። ባሌስትራውን የያዙት ቡሎኖች ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ናፍጣ እያጠጣሁ፣ እየጠበቅሁ፣ በመዶሻ እየመታሁ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እሱን ሳወጣው ሌላው ጉድ ታየኝ። ባሌስትራው ጫፍና ጫፍ የሚታሰርበት የነሐስ ቦኮላ አልቆ እንደ ቀለበት ሳስቷል። ጎማው የሚታጠፍበት ፔርኖ የሚባለው ወፍራም ብረት ተበልቶ ጎማውን በእጅ ስነቀንቀው ይወዛወዛል። ንዝረቱን የሚቀበሉት ባለ ዘይት ቱቦዎች ደግሞ ባዶ ነበሩ። እያንዳንዱን ባየሁ ቁጥር ይህ ነው ብርቄን ያሳመማት፣ ይህም ነው እላለሁ።

የተሰበረውን ባሌስትራ በሚያልፍ ካሚዮን ጭኜ ዳንግላ ባሻ ይመር ዘንድ ወሰድኩ። ባሻ ይመር ከጣሊያኖች ጋር ሠርተው ሙያ የቀሰሙ፣ በዚያ አገር አንቱ የተባሉ መካኒክ ነበሩ። ጆሮአቸው ትንሽ ይደክማል፤ ሞተር ሲያዳምጡ እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ነበር። ነገሩን ሳጫውታቸው ብዙ አልጠየቁኝም። ሜዳ ላይ ወድቆ ከቀረ የጣሊያን ካሚዮን ላይ ባሌስትራ ፈተን አመጣን። እሳት ውስጥ አግለው በልኩ ቆረጡት፣ አጎበጡት፣ ዘይት ውስጥ ነከሩት። ከተደራረቡት ብረቶች አንዱን ሆን ብለው አስቀሩት። ይህ ለጭነት ሳይሆን ለሰው ነው፣ ይለስልስ አሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ባሌስትራውን አስገባሁ። ባሻ ራሳቸው ኮሶበር ድረስ መጥተው አዩት። የፊት መከላከያ ብረቷን በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁት። መኪናዋ ዝቅ ብላ ቀስ ብላ ተነሣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፦

“አሁን ትነዳለች። ፔርኖው እስኪቀየር አትጠብቅ። ቀስ እያልክ ነገ ጧት ውሰዳት።”

እሺ አልኳቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ነድቼ ሞከርኳት። ጉድጓድ ስገባ መሪው እጄ ላይ ይርገፈገፍ ነበር። ከበፊቱ ጋር የማይገናኝ ለውጥ ነበረው፤ ለእኔ ግን አልበቃኝም። ብርቄ ነጠላዋን ነክሳ የሄደችበት መንገድ ዓይኔ ላይ ነበር። ቤት ተመልሼ የመኪናዋን ፊት እንደገና በክሪክ አነሣሁ። ፔርኖና ቦኮላ ከአዲስ አበባ እንዲያመጣልኝ በአውቶቡስ ሾፌር ላክሁ።

ዕቃው በዘጠነኛው ቀን መጣ። ፔርኖው ልኩ አይደለም። መልሼ ላክሁት።

ስጠብቅ ባዶ እጄን አልተቀመጥኩም። ያለውን ሁሉ ፈትቼ በናፍጣ አጠብኩ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁ፣ ግራሶ ቀባሁ። የአካባቢው ሰው ይመጣና ቆሞ ያየኛል። እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል እያሉ ለብርቄ ይነግሯት ነበር። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ እንደነበር አልደብቅም።

በዚህ መሐል አንድ የማውቀው የካሚዮን ሾፌር ወደ ባሕር ዳር ባዶውን ሲያልፍ ቆመ። ጭድ አንጥፈን እንውሰዳት አለኝ። አላመንኩትም፤ ካሚዮን ከፒክአፕ የባሰ ይነጥራል ብዬ መለስኩት። እማማ የሺም የአገራቸውን ወንዶች ሰብስበው በቃሬዛ ተቀባብለው ሊያደርሷት እንደሚችሉ ነግረውኝ ነበር። መኪና እያለኝ ሚስቴ እንዴት በትከሻ ትሄዳለች ብዬ ተቀየምኳቸው።

ካሚዮኑ ያለፈ ዕለት ብርቄ ጠራችኝ። ሳንቃዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ነበር። እጄ በግራሶ ስለጨቀየ አልነካኋትም፤ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

“ባለው ውሰደኝ” አለችኝ። “እችለዋለሁ።”

ከዳንግላ ስንመለስ ያየሁትን ዳግመኛ ማየት እንደማልችል ነገርኳት።

“የሚያመው እኮ እኔን ነው” አለች።

ይህን ስትል በቁጣ አልነበረም። ረጋ ብላ፣ ልብ በል እንደሚባል ዓይነት ነው የተናገረችው። እኔ ግን ልፋቴን የናቀችብኝ መሰለኝ። አንድ ሳምንት ብቻ አልኳትና ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ውሰደኝ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ትክክለኛው ፔርኖ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይቶ መጣ። አስገብቼ ጨረስኩ። ለመሞከር ብርቄ የምትተኛበት ወንበር ላይ እንቁላል የሞላ ቅርጫት አስቀምጬ ወደ ጥርባ መገንጠያ ደርሼ ተመለስኩ። ሦስት እንቁላል ተሰብሮ አገኘሁ። ያኔ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ቱቦዎቹን እንደገና ፈትቼ ዘይታቸውን ቀየርኩ፣ የባሌስትራውን ማሰሪያ አስተካከልኩ፣ የጎማውን ንፋስ ቀነስኩ። ይህም ሌላ አሥር ቀን ወሰደብኝ። ሁለተኛ ስሞክር አንድም እንቁላል አልተሰነጠቀም። ቅርጫቱን ይዤ ቤት ገብቼ ለብርቄ አሳየኋት። ፈገግ አለችልኝ።

በእነዚያ ቀናት ብርቄና እናቷ በአገውኛ ሲነጋገሩ፣ አንዳንዴም ሲጨቃጨቁ እሰማ ነበር። የእኔ አገውኛ ከሰላምታ አያልፍም። አንድ ቀን እማማ የሺ ከክፍሉ እያለቀሱ ወጥተው ፊቴ ቆሙ፤ አንድ ነገር ሊሉኝ ፈልገው ነበር። ብርቄ ከውስጥ በአገውኛ ተጣራችና አንድ ቃል ተናገረች። እሳቸው ምንም ሳይሉኝ ተመለሱ። ምን ሆነዋል ብዬ ስጠይቃት ቤታቸው ናፍቋቸው ነው አለችኝ። አመንኳት።

በኅዳር አንድ ጧት ተነሣን። ብርድ ነበር፤ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ማርሹ ከመሪው ሥር ስለሆነ የፒክአፗ ወንበር ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። ፍራሽና ትራስ ደራርቤ አስተኛኋት፤ ራሷ ጭኔን ተደግፎ፣ እግሯ ወደ በሩ። እማማ የሺ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው እግሯ ሥር ሸጎጡላትና ከኋላ ወጡ።

ያን መንገድ እንደዚያን ቀን ነድቼው አላውቅም። መኪናዋ ትንሳፈፍ ነበር ማለት እችላለሁ። ጉድጓድ ስገባ ዝቅ ትላለች፣ ቀስ ብላ ትነሣለች፣ መሪው እጄ ላይ ዝም ይላል። በየጥቂቱ ዝቅ ብዬ ፊቷን አያለሁ።

“አመመሽ?” እላታለሁ።

“ምንም አልተሰማኝም” ትለኛለች።

ዳንግላ ላይ ቆመን ባሻ ይመር ወጥተው አዩዋት። ብርቄ እጃቸውን ይዛ እጅዎ ይባረክ አለቻቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው አልተፈታም። እስካሁን አልሄዳችሁም ነበር? ብቻ አሉኝ። መልስ ሳይጠብቁ መከላከያውን መታ አድርገው ሂዱ ሂዱ አሉ።

ከዱርቤቴ ወዲህ አንድ የፈረሰ ቦታ ነበር። ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ሳላየው ገባሁበት። መኪናዋ በጣም ወረደች፤ ከኋላ እማማ የሺ ሲጮሁ ሰማሁ። የብርቄ ራስ ጭኔ ላይ ተንገጫገጨ። እግዚኦ ብዬ አቆምኩና ጎንበስ አልኩ። ዓይኗን ገልጣ ታየኝ ነበር።

“አልተሰማኝም” አለች። “እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው?”

ደስታዬን አሁን ሳስበው ያመኛል። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ መጠበቅ ፍሬ አፈራ አልኩ። የቀረውን መንገድ እያንጎራጎርኩ ነዳሁ።

ባሕር ዳር ሆስፒታል ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። በቃሬዛ አስገቧት። አንዲት ነርስ እግሯን የሸፈነውን ጋቢ ስትገልጥ እጇ ቆም አለ። ጠርሙሱ የተጠቀለለበት ጨርቅ በመንገድ ላይ ተንሸራትቶ ወልቋል። ያልተሸፈነው ጠርሙስ ከብርቄ ተረከዝ ጋር እንደተጣበቀ ነው። ተረከዟና የእግሯ ጎን ተልጦ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ የቋጠረው ፈርጦ ፍራሹን አርሶታል።

ነርሷ ይህ ሲሆን አላመመሽም? አለቻት። ብርቄ እግሯን ለማየት ቀና ልትል ሞከረች፤ አልቻለችም። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። መርፌ አውጥቶ ከጣቷ ጀምሮ ጫን እያደረገ ወጣ። እግሯን፣ ጉልበቷን፣ ጭኗን ወጋ። ብርቄ ጣራውን ታያለች እንጂ ፊቷ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ከወገቧ ትንሽ ከፍ ሲል እህ አለች። ሐኪሙ እዚያች ቦታ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ። እኔም ያን መስመር እያየሁ ገባኝ። መንገዱን ያልተሰማት በባሌስትራው አልነበረም።

ነርሷ እያስተረጎመች ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። ብርቄ ዓይኗን ከጣራው ሳታነሣ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው አለች። በልቤ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ቀን ማለት የመጀመሪያውን ቅርጫት እንቁላል የሞከርኩ ሰሞን ነው።

ሐኪሙ ራጁን ካየ በኋላ ለብቻዬ አነጋገረኝ። በሽታው ሁለት አጥንት በልቶ ውስጥ ያለውን ነርቭ ተጭኖታል አለኝ። መድኃኒት አለ፤ በሽታውን እንሞክራለን፤ እግሯ ግን ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥህም አለ። ቀድመን መጥተን ቢሆንስ ብዬ ጠየቅሁት። ነርሷ ይህን ከማስተርጎሟ በፊት አየችኝ። ሐኪሙ እግሯ ሳይደነዝዝ የሚመጡት ብዙዎቹ ይራመዳሉ ሲል መለሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። የጠየቅሁትን ነው የመለሰልኝ።

ወደ አልጋዋ ስመለስ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ለምን ደበቅሽኝ ብቻ አልኳት።

“መጀመሪያ ሕመሙ ሲተወኝ የተሻለኝ መስሎኝ ነበር” አለችኝ። “በኋላ ዐወቅሁት። እማዬም ንገሪው ብላ ስትጨቀጭቀኝ ነበር። አንተ ግን ልትጨርስ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ቀረኝ ትላለህ።”

“ታዲያ መንገድ ላይስ?”

“አልተሰማኝም ስልህ ፊትህ ሲበራ አየሁ” አለች። “ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገርህ?”

ጭንቅላቴን ፍራሹ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። ጸጉሬን በእጇ እየዳሰሰች በቃ፣ በቃ ትለኛለች። ታማሚዋ እሷ፣ አጽናኟም እሷ ሆነች።

ብርቄ ሆስፒታል ስምንት ወር ተኛች። ሐኪሞቹና ነርሶቹ የሚችሉትን አደረጉላት። እማማ የሺ ከአጠገቧ አልራቁም። እኔ የአቶ ፈንታን እህል ወደ ባሕር ዳር ባመጣሁ ቁጥር እያየኋት፣ ስመጣም አንድ ነገር እያመጣሁላት፣ እንደዚህ ቆየን። ስለ ባሌስትራው ዳግመኛ አላነሣንም። የምታወራኝ ስለ ጥርባ ነበር፤ እዚያ ያለው ሐይቅ ጧት ጉም ሲለብስ ምን እንደሚመስል፣ ልጅ ሳለች ከላዩ ስለወደቀችበት ዛፍ፣ ሰላም ያልኩ መስሎኝ በአገውኛ የበሬያቸውን ዋጋ ስጠይቅ እናቷ ምን ያህል እንደሳቁ። አንድ ቀን ለመቀመጥ ያህል ትራስ አስደግፈዋት ስደርስ በመስኮት ጣናን እያየች አገኘኋት። ለአንድ አፍታ የምትድን መስሎኝ ነበር።

በሐምሌ ኩላሊቷን አመማት። ትኩሳቱ አራት ቀን አልወረደም። በአምስተኛው ቀን ስደርስ አልጋው ተነጥፎ አገኘሁት። እማማ የሺ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጠው ነበር።

አስከሬኗን በዚያችው ፒክአፕ መለስኩ። ከኋላ ሸራ ወጥረን፣ እማማ የሺ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ዝናብ እየዘነበ። እየነዳሁ ከእያንዳንዱ ድንጋይ እሸሽ ነበር። ጉድጓድ ሳይ እቆማለሁ፤ ጎማውን በዳር አሳልፌ ቀስ እላለሁ። በዚህ አኳኋን ዱርቤቴ ሳንደርስ ከሰዓት በኋላ ሆነ። እማማ የሺ የጋቢናውን ጣራ በእጃቸው መቱ። አቁሜ ወረድኩ። በሸራው ቀዳዳ ፊታቸውን አወጡ።

“ልጄ፣ አሁን እኮ አያማትም” አሉኝ። “ንዳ። ለቀብር እንድረስ።”

እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ መንቀሳቀስ አቃተኝ። እሳቸው ወርደው ክንዴን ይዘው በሩን ከፍተው አስገቡኝ። ከዚያ ጥርባ እስክንደርስ ድረስ እንደማንኛውም መኪና ነዳሁ። አባቷ የተቀበሩበት ደብር ቀበርናት።

ለለቅሶ ባሻ ይመር ከዳንግላ መጥተው ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጆሮአቸው ስለሚደክም ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩላቸው። ሰምተውኝ ኖሯል። እሳቸውም በአሥራ አንደኛው ቀን ነገ ውሰዳት ካሉኝ በኋላ መሄዴን ባለማጣራታቸው ራሳቸውን እንደሚወቅሱ ነገሩኝ። አይደለም ብለው አላጽናኑኝም። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ያችን መኪና ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ነዳኋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግራሶ እሰጣታለሁ፤ ቦኮላዋን በየዓመቱ አያለሁ። ከቡሬ እስከ ባሕር ዳር እንደ እሷ የለሰለሰ ፒክአፕ የለም ይባል ነበር። በዚህም የተነሣ ሰው በሽተኛውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። አንዴም ነገ ኑ ብዬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ይዘው ሲመጡ የፊት ጎማዋን አውልቄ ነበር። በሩብ ሰዓት መልሼ፣ አንዱን ዳዶ ሳላጠብቅ መንገድ ላይ አቁሜ እያጠበቅሁ ዳንግላ አደረስኳት። ሴትየዋ በየጉድጓዱ ሰደበችኝ። በደህና ተገላገለች።

አቶ ፈንታ ሲያርፉ ልጆቻቸው መኪናዋን ሸጧት። የት እንደደረሰች አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ አገባሁ። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ታውቃለች፤ በሐምሌ ጥርባ ስሄድም ከእኔ ጋር ትሄዳለች። እማማ የሺን እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ እናቴ ጦርኩ። አንድም ቀን ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ዕድሜ ሲገፋ ሐዘን ይቀላል ሲሉ እሰማለሁ። ናፍቆቱ ቀሎልኛል፤ ፊቷን ለማስታወስ የምቸገርበት ቀንም አለ። ሌላው ግን አልቀለለኝም። ለብዙ ዓመታት ለእሷ ብዬ ነው የዘገየሁት እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። እውነቱ ይህ ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ ምን እንደሚል ፈርቼ ነበር። መኪና ሥር ተኝቼ ቡሎን እስከፈታሁ ድረስ ሚስትህ አትድንም የሚለኝ ሰው አልነበረም። ጧት ስነሣ የምይዘው ሥራ ነበረኝ፤ ማታ ስተኛ ነገ የምጨርሰው ነገር ነበረኝ።

ይህን ለራሴ ለማመን ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል። ብርቄ ግን ያኔውኑ ዐውቃው የነበረ ይመስለኛል። ሳንቃ ላይ ተኝታ፣ እግሯ እየከዳት፣ ከግድግዳው ወዲያ የመዶሻዬን ድምፅ ስትሰማ ፍርሃቴን ትሰማው ነበር። መጠየቋን የተወችውም ተስፋ ቆርጣ አይመስለኝም። እኔን ከፍርሃቴ ጋር ፊት ለፊት ላለማገናኘት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።